አስኳል ያለውና አስኳል የሌለው ሕዋስ

በቅል ተደርጎ ያደረ ወተት ይረጋና እርጎ ይሆናል። የተቦካ ሊጥ ኩፍ ይላል። የተጠነሰሰ ጠላ ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል። ትናንት ደህና ሆኖ ያረሰ በሬ ዛሬ በአባ ሰንጋ ተመትቶ በረት ውስጥ ወድቆ ይገኛል። እሸት የያዘ ስንዴ በዋግ ይመታል። ልጅ ጭንቅላቱን ቆረቆር ይዞት ፀጉሩ ይመለጣል። ቆላ ወርዶ የሰነበተ ሰው ወባ ይዞት ይንቀጠቀጣል።

እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን የሁሉም መነሻ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ሕያዋን ናቸው። በዓይን ስለማይታዩ ብዙ ሰው ሁሉንም «ጀርም» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። አንድ ወገን ግን አይደሉም። ወተቱን የሚያረጋውና በሬውን የሚገድለው ከአንድ ወገን ናቸው። ጠላውን የሚያደርሰው፣ ስንዴውን የሚመታው፣ ቆረቆሩንና ወባውን የሚያመጣው ደግሞ ከሌላ ወገን ናቸው። የሚገርመው ነገር እኛ ሰዎችም፣ በሬውም፣ ስንዴውም ራሱ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን መሆናችን ነው።

ይህን ማወቅ ለገበሬ ምን ይሠራለታል? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አንዱን በሽታ የሚያድን መድኃኒት ሌላውን ለምን እንደማያድን የሚገባን ይህን ልዩነት ስናውቅ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የማይረዳውን ካፕሱል የሚውጠው ነገሩን ባለመለየት ነው።

ሕዋስ ምንድን ነው?

ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራበት ትንሹ ክፍል ነው። ግድግዳ በጡብ ላይ ጡብ ተደርቦ እንደሚሠራ፣ የጤፍ አገዳም፣ የበሬ ሥጋም፣ የሰው ቆዳም በሕዋስ ላይ ሕዋስ ተደርቦ የተሠራ ነው። ጡብ ግን ግዑዝ ነው። ሕዋስ ሕይወት አለው። ምግብ ያስገባል፣ ቆሻሻ ያወጣል፣ ያድጋል፣ ካደገ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ ይራባል። የአንድ ትልቅ ሰው አካል ወደ 30 ሚሊዮን ሚሊዮን ከሚጠጉ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሚሊዮን ሚሊዮን ማለት አንድ ሚሊዮንን አንድ ሚሊዮን ጊዜ መቁጠር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መላ አካላቸው አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ሕያዋን አሉ። አንዷ ሕዋስ ራሷ በላተኛ፣ ራሷ ሠራተኛ፣ ራሷ ወላጅ ናት ማለት ነው።

ሕዋስን መጀመሪያ አይቶ ስም ያወጣለት ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1665 ቡሽ በስሱ ቆርጦ በአጉሊ መነጽር ሲያይ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ክፍሎች አየ። ያየው ግን የሞተ ዕፅ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕይወት ያላቸውን ጥቃቅን ነገሮች ያየው አንቶኒ ቫን ሌዊንሁክ የሚባል ሆላንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም፤ ከሀገሩ ቋንቋ በቀር ሌላ ቋንቋም አያውቅም ነበር። መስተዋት በገዛ እጁ እየሳለ አጉሊ መነጽር ይሠራል። በ1683 ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ቆሻሻ ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ቢያየው የሚዋኙ ትንንሽ ነገሮችን አገኘ። ባክቴሪያ ነበሩ። ያየውን በገዛ ቋንቋው ጽፎ ለንደን ወዳሉት ሊቃውንት ላከ። ሊቃውንቱም አስተርጉመው አነበቡት።

እንደ ጎጆና እንደ ትልቅ ቤት

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። አንድ ክፍል ብቻ ያላትን ጎጆ እናስብ። ምድጃው፣ መደቡ፣ የእህል ከረጢቱ፣ የውሃው እንስራ ሁሉ በአንድነት ነው ያለው። የቤቱ ሰነድም፣ ማለት የመሬት ደብተሩና ደረሰኙ፣ እዚያው ካለው ዕቃ መካከል ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ጎጆዋ ትንሽ ናት፤ ግን ቶሎ ትሠራለች፣ ኑሮም ይኖርባታል።

ሌላው ደግሞ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ነው። ማብሰያው ለብቻ፣ እህል ማስቀመጫው ለብቻ፣ መኝታው ለብቻ ነው። ሰነዱ በጓዳ ውስጥ ቁልፍ ባለው ሣጥን ተቀምጧል። የሚፈልገው ሰው ገብቶ ያነበዋል እንጂ ሣጥኑ ከጓዳው አይወጣም።

ሕዋስም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራና ልጁን ምን አስመስሎ እንደሚወልድ የሚያዝ ሰነድ በውስጡ አለው። ይህ ሰነድ ዲኤንኤ ይባላል። እንደ ረጅም ክር ያለ ነገር ነው። በትልቁ ቤት ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤው በስስ ሽፋን ተከልሎ ለብቻው ይቀመጣል። ያ የተከለለው ክፍል አስኳል፣ ወይም በሳይንስ ስሙ ኒውክለስ ይባላል። ስሙን በ1831 ያወጣለት ሮበርት ብራውን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። በጎጆው ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ግን ሽፋን የለም። ክሩ ተጠቅልሎ ከሌላው ነገር ጋር በአንድነት ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። አስኳል ሲባል ብዙዎቻችን የዶሮ ዕንቁላልን ቢጫ ነገር እናስባለን። የዕንቁላሉ ቢጫ ግን የሕዋስ አስኳል አይደለም። ጫጩት ከመጀመሩ በፊት ያ ቢጫ ነገር በሙሉ አንድ ትልቅ ሕዋስ ነው፤ አብዛኛውም ስንቅ ነው። ትክክለኛው የሕዋስ አስኳል ያለው ከቢጫው ላይ በምትታየው ነጣ ባለች ነጥብ ውስጥ ነው፤ እሱም ያለ አጉሊ መነጽር አይታይም።

አስኳል የሌለው ሕዋስ በሳይንስ ፕሮካሪዮት ይባላል። አስኳል ያለው ደግሞ ዩካሪዮት ይባላል። ቃላቱን ያወጣቸው በ1925 ኤዱዋር ሻቶን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ቃላቱ ለአፍ ስለሚከብዱ እዚህ አስኳል የለሽና ባለ አስኳል እያልን እንቀጥላለን።

አስኳል የለሾቹ በዋናነት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሳምባ ነቀርሳን፣ ሥጋ ደዌን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ኮሌራን፣ ትራኮማን፣ አባ ሰንጋን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ደጎቹም ብዙ ናቸው፤ እርጎውን እናስታውስ። ከባክቴሪያ ሌላ አርኬያ የሚባል አስኳል የለሽ ወገንም አለ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በላም ሆድ ውስጥ ይኖራሉ፤ ላም በምታመሰኳበት ጊዜ ከአፏ የሚወጣውን ጋዝ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ባለ አስኳሎቹ ሰው፣ እንስሳ፣ ወፍ፣ ዓሣ፣ ነፍሳት፣ ዛፍ፣ ሣርና እህል በሙሉ ናቸው። እንጉዳይና ሻጋታም እዚህ ይገባሉ። የስንዴ ዋግ፣ ጭርትና ቆረቆር የሻጋታ ዘመዶች ናቸው። ጠላና ጠጅ የሚያደርሰው እርሾም ባለ አንድ ሕዋስ ቢሆንም አስኳል አለው። የወባ ተውሳክ፣ ከብቱን የሚያከሳው የገንዲ ተውሳክ፣ ሆድ የሚቆርጠው አሜባም ባለ አስኳሎች ናቸው። በእንጀራ ሊጥ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች አብረው ይሠራሉ። ባክቴሪያው ሊጡን ያኮመጥጠዋል፤ እርሾው አየር እየነፋ ኩፍ ያደርገዋል።

ለነገሩ ሁሉ ልዩ ሁኔታ አይጠፋም። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሲወለድ አስኳል አለው፤ ሥራ ሲጀምር ግን ለሚሸከመው አየር ቦታ እንዲሰፋለት አስኳሉን ይጥላል። ይህ ስለሆነ ግን ባክቴሪያ ሆነ አይባልም። ሰነድ የሌለው ቤት ቶሎ እንደሚፈርስ ሁሉ፣ እሱም 120 ቀን ያህል ኖሮ ያበቃል። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ግን አስኳሉን አይጥልም።

መጠናቸውና አረባባቸው

አንድ ሚሊሜትር በሺህ ቢከፈል አንዱ እጅ ማይክሮሜትር ይባላል። አንድ ተራ ባክቴሪያ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ነው። የአንዲት ጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በአንዲት ጤፍ ርዝመት ላይ ባክቴሪያ ጎን ለጎን ቢሰለፍ አንድ ሺህ ያህል ይችላል ማለት ነው። የሰው ሕዋስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ማይክሮሜትር ስለሚሆን ከመቶ ብዙም አይበልጥም።

ጎጆ ቶሎ ትሠራለች ብለናል። ባክቴሪያም ቶሎ ይራባል። ሙቀትና ምግብ ከተመቻቸለት በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት የሚከፈል ባክቴሪያ አለ። እንቁጠር። አንዱ በ20 ደቂቃ 2 ይሆናል፤ በ40 ደቂቃ 4፤ በአንድ ሰዓት 8፤ በሁለት ሰዓት 64፤ በአራት ሰዓት 4,096፤ በስድስት ሰዓት 262,144 ይሆናል። እርሾ ግን ለመከፈል ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። አንድ እርሾ በዚያው ስድስት ሰዓት ውስጥ 16 ብቻ ይሆናል። ጠዋት የተሠራ ወጥ በሙቀት ውሎ ማታ ሳይሞቅ ቢበላ ሆድ የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው። ወጡ የተነካው በአንድ ቆሻሻ ጣት ብቻ ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ባክቴሪያ ሁሉ ፈጣን አይደለም። የሳምባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ውጫዊ ሽፋኑም ሰም የመሰለ ስለሆነ መድኃኒት ቶሎ አይገባበትም። የሳምባ ነቀርሳ በሽተኛ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር መድኃኒት እንዲውጥ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ሁለት ወር ሲሞላው ሳሉ ይቀንስለታል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ድኛለሁ ይላል። ባክቴሪያው ግን አላለቀም።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። መድኃኒት ተጀምሮ ሲቋረጥ የሚሞቱት ደካሞቹ ናቸው። የሚተርፉት መድኃኒቱን የቻሉት ይሆናሉ፤ የሚራቡትም እነሱ ናቸው። ብዙ ባክቴሪያዎች በዚህ ላይ ሌላ ዘዴ አላቸው። ትርፍ የሆነ ቁራጭ ዲኤንኤ ይይዛሉ፤ መድኃኒት መቋቋሚያው ዘዴ በዚያ ላይ ከተጻፈ ቁራጩን ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ። ጎረቤት እሳት እንደሚጫጫር ማለት ነው። ሰነዱ በጓዳ ሣጥን ስላልተቆለፈበት ይህ ለባክቴሪያ ቀላል ነው።

መድኃኒት ለምን ይለያያል?

አረም የሚነቅል ሰው ጤፉንና አረሙን ለይቶ ማወቅ አለበት። መድኃኒትም ጠላቱን ከባለቤቱ ለይቶ መምታት አለበት። ሁለቱንም የሚመታ ከሆነ መርዝ ይሆናል።

ባክቴሪያ ከኛ ሕዋስ እጅግ ስለሚለይ መምቻ ቦታ አለው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ዙሪያቸውን በጠንካራ ግድግዳ ያጥራሉ። ግድግዳው የተሠራበት ነገር በኛ አካል ውስጥ የለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ባክቴሪያው ይህን ግድግዳ እንዳይሠራ ያግደዋል። ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው ውሃ እየሳበ ይፈነዳል። የኛ ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ምንም አይሆንም። ፔኒሲሊን የተገኘው ደግሞ ከሻጋታ ነው። ባለ አስኳሉ ሻጋታ አስኳል የለሽ ባላጋራውን ለመከላከል የሚረጨው ነገር ነበር።

ቴትራሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት በሌላ መንገድ ይሠራል። ባክቴሪያም እኛም በሕዋሳችን ውስጥ ገንቢ ነገር የሚሠሩ ጥቃቅን መሣሪያዎች አሉን። የባክቴሪያው መሣሪያ አነስ ያለና አሠራሩ የተለየ ነው። መድኃኒቱ እሱን ያቆማል፤ የኛን ብዙም አይነካም። ለትራኮማ ዓይን የሚቀባው ቅባት የሚሠራው እንዲህ ነው።

የወባ ተውሳክስ? ባለ አስኳል ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ የለውም። ስለዚህ ፔኒሲሊን ወባን አያድንም። አንድ ሰው በወባ ተይዞ ሳለ የፔኒሲሊን መርፌ ቢወጋ ወባው ሥራውን ይቀጥላል፤ ጊዜ ያለፈበት ወባ ደግሞ ይገድላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት የብዙ በሽታ ምልክት ስለሆነ በመገመት አይሆንም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ከጣት ደም ሰጥቶ ማስመርመር ያስፈልጋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥም እንደዚሁ ነው፤ አንዳንዴ ከባክቴሪያ፣ አንዳንዴ ከአሜባ ይመጣል። ከውጭ ሲያዩት ያው ነው። የሚለየው ሰገራው ሲመረመር ነው።

ባለ አስኳል በሽታ አምጪን መግደል ከባድ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። ይመስለናል። በጤፍ ማሳ ቅጠለ ሰፊ አረም ወዲያው ይለያል፤ ጤፍ የሚመስለው የሣር አረም ግን ዓይን ያታልላል። ጭርትና ቆረቆር እያገገሙ የሚመለሱት፣ መድኃኒታቸውም ብዙ ሳምንት የሚወሰደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከብት ላይም ነገሩ ያው ነው። አባ ሰንጋ ባክቴሪያ ስለሆነ በቶሎ ከተደረሰበት ፔኒሲሊን ይረዳል፤ ክትባትም አለው። ገንዲ ግን በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ ባለ አስኳል ተውሳክ ነው፤ ፔኒሲሊን አይነካውም፤ የራሱ መድኃኒት አለው። የአባ ሰንጋው ባክቴሪያ ሌላም ክፉ ጠባይ አለው። የሞተው ከብት ሲታረድ ወይም ሲገፈፍ አየር ያገኛል፤ ያን ጊዜ በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ይሸሸግና አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይተኛል። በኋላ በዚያ መስክ የጋጠ ከብት ይታመማል። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሥጋው የማይበላው፣ ቆዳው የማይገፈፈው፣ በጥልቅ ጉድጓድ የሚቀበረው ወይም የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ሥጋው ያሳዝናል። የቆዳው ዋጋም ያሳዝናል። ሰው ግን ከዚህ ቆዳ አባ ሰንጋ ይይዘዋል።

ጉንፋንና ኩፍኝ የት ይገባሉ? ከሁለቱም አይገቡም። የሚያመጣቸው ቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ሕዋስ የለውም። ሰነድ ብቻ ይዞ ሰው ቤት ገብቶ በሰው ምድጃ እንደሚያበስል ሌባ ነው። ግድግዳም መሣሪያም ስለሌለው ለባክቴሪያ የተሠራ ካፕሱል ለጉንፋን አይሠራም። በየሱቁ ለጉንፋን ሁለት ሁለት ካፕሱል እየገዛ የሚውጥ ሰው የሚያተርፈው ነገር ቢኖር በሆዱ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒት ማለማመድ ነው።

የሁለቱ ወገኖች ጉርብትና

ሁለቱ ወገኖች ሁልጊዜ ባላጋራ አይደሉም። በባለ አስኳል ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። የቤቱ ምድጃዎች ናቸው፤ ከምግብ ኃይል ያወጣሉ። ሲመረመሩ የራሳቸው ዲኤንኤ ተገኘባቸው፤ ለሁለት እየተከፈሉም ይራባሉ። ሊን ማርጉሊስ የምትባል አሜሪካዊት ሳይንቲስት በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ እነዚህ ቅንጣቶች በጥንት ዘመን ወደ ሌላ ሕዋስ ገብተው የቀሩ ባክቴሪያዎች ናቸው አለች። መጀመሪያ ብዙ ሰው አልተቀበላትም ነበር። ዛሬ ግን ሳይንቲስቶች በዚህ ይስማማሉ። ከአንድ ቢሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በእንግድነት የገባው ቤተኛ ሆኖ ቀረ። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ቅንጣትም እንዲሁ የመጣ ነው።

ሌላው ጉርብትና በማሳችን ውስጥ አለ። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው እጅ 78ቱ ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ ስንገዛም የምንገዛው ይህንኑ ናይትሮጅን ነው። እህል ግን ከአየር ሊወስደው አይችልም። ባቄላም፣ አተርም፣ ሽምብራም ብቻቸውን አይችሉም። የሚችለው በሥራቸው ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ባቄላው ስኳር ይሰጠዋል፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይከፍለዋል። ባቄላ ባለፈበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ የሚያምረው ከዚህ የተነሣ ነው። አባቶቻችን ባክቴሪያውን ሳያዩ አዝመራ ማፈራረቁን ያውቁበት ነበር።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ባቄላው ሲያብብ አንዱን እግር ከነአፈሩ በአካፋ አንሥቶ ሥሩን ቀስ ብሎ ማጠብ ነው። በሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተለጣጠፉ እብጠቶች ይታያሉ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቆ ማየት ነው። ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም። በመኸርም ጊዜ ባቄላው ከሚነቀል በማጭድ ቢታጨድ ሥሩ ከነእብጠቱ አፈር ውስጥ ይቀርና ይበሰብሳል።